ቁጥሩ ሳይለወጥ ሚዛኑ ሲለወጥ፦ የቪዲዮ እግር ኳስ የተጫዋቾች ምዘናና የሮብ ገበያ የቤት ደንብ

ሮብ ገበያ፣ ስሟ እንደሚናገረው፣ የረቡዕ ገበያ ናት። በዚያ ቀን ጤፍና ሽንብራ ጭነው ከወላጆቻቸው ጋር የሚመጡ ልጆች እህሉ ተሰፍሮ እስኪሸጥ ድረስ አይታገሡም፤ አህያው ከታሰረ በኋላ ከገበያው ጀርባ ወዳለች አንዲት ክፍል ይሮጣሉ። ክፍሏ ሁለት ቴሌቪዥን ያላት የፕሌይስቴሽን ቤት ናት። በግድግዳዋ ላይ በካርቶን የተጻፈ ማስታወቂያ ተሰቅሏል፦ «የተሸነፈ ይከፍላል»። ከሥሩ በሌላ ሰው የእጅ ጽሑፍ፣ በእስክሪብቶ፣ «ፈረንሳይ አይያዝም» የሚል ተጨምሮበታል።

ይህ አጭር ጽሑፍ የተነሣው ከዚህች ሁለተኛ መስመር ነው። ለእረፍት ወደ አካባቢው በተመለስሁባቸው ጥቂት ረቡዖች በክፍሏ ተቀምጬ ያየሁትንና የሰማሁትን፣ ስለ ጨዋታዎቹ አሠራር ከሚታወቀው ጋር አያይዤ አቀርባለሁ። የአንድ ቤት ትዝብት በመሆኑ ስለ ሌሎች ከተሞች ቤቶች ምስክር አይሆንም። ለማስረዳት የምሞክረው ግን አንድ ነገር ነው፤ ለተጫዋች የሚሰጥ የምዘና ነጥብ ብቻውን ክብደት የለውም፤ ስንት እንደሚመዝን የሚወስነው ነጥቡ የሚሠራበት ደንብ ነው። ስለዚህ የተዛባን ጨዋታ ለማቃናት ቁጥሩን መለወጥ ይቻላል፣ ወይም ደንቡን መለወጥ ይቻላል። ኢንተርኔት በማይደርስበት ክፍል ግን የፊተኛው መንገድ ዝግ ነው።

ነጥቡ ከምን ይሠራል?

በቪዲዮ እግር ኳስ ጨዋታዎች ውስጥ እያንዳንዱ ተጫዋች ከ1 እስከ 99 የሚደርሱ በርካታ ነጥቦች አሉት። በፊፋ ተከታታይ ጨዋታዎች እነዚህ ከ30 በላይ ናቸው፤ ፍጥነት፣ የመነሻ ፍጥነት፣ አጭርና ረጅም ቅብብል፣ የምት ኃይል፣ በጭንቅላት መግጨት፣ ሚዛን መጠበቅ፣ ኳስ መንጠቅ፣ ጽናትና የመሳሰሉት። ነጥቦቹን የሚሰጡት በብዙ አገሮች ያሉ ጨዋታ ተከታታይ ተመልካቾችና የኩባንያው አዘጋጆች ናቸው። ከእነዚህ ሁሉ ተጠቃልሎ በስክሪኑ ላይ ጎልቶ የሚታየው አንድ ጠቅላላ ነጥብ ነው። በፊፋ 19፣ ለምሳሌ፣ ሊዮኔል ሜሲና ክሪስቲያኖ ሮናልዶ እኩል 94 ነበሩ።

ጠቅላላው ነጥብ ተራ አማካይ አይደለም። ለበረኛ የመግጨት ችሎታ ምንም አይጨምርለትም፤ ለመሀል ተከላካይ ደግሞ ብዙ ይጨምርለታል። በሌላ አነጋገር እያንዳንዱ ነጥብ እንደ ተጫዋቹ ቦታ በተለየ ክብደት ይባዛል። ነገሩ ግልጽ እንዲሆን ከራሴ በፈጠርሁት ምሳሌ ላሳይ። ሁለት ተጫዋቾች አሉ እንበል። የመጀመሪያው ፍጥነቱ 95፣ ቅብብሉ 60፣ ንቃቱ 55 ነው። የሁለተኛው ፍጥነት 60 ሲሆን ቅብብሉም ንቃቱም 95 ነው። ለፍጥነት ሁለት አሥረኛ፣ ለቅብብልና ለንቃት አራት አራት አሥረኛ ክብደት ብንሰጥ የመጀመሪያው 65፣ ሁለተኛው 88 ያገኛሉ። ሚዛኑን ገልብጠን ለፍጥነት ስድስት አሥረኛ፣ ለቀሩት ሁለት ሁለት አሥረኛ ብንሰጥ ግን የመጀመሪያው 80፣ ሁለተኛው 74 ይሆናሉ። ከሁለቱ ተጫዋቾች አንዱም አልተለወጠም፤ የቀደመው ግን ወደ ኋላ ቀርቷል።

እዚህ ላይ አንባቢ ሊያስተውለው የሚገባ ነገር አለ። ጠቅላላውን ነጥብ የሚያሰላው ክብደት በአዘጋጆቹ የተቀመጠ ነው፤ ጆይስቲክ በተያዘ ጊዜ የሚሠራው ክብደት ግን ሌላ ሊሆን ይችላል። በስክሪኑ ላይ ያለው ሜዳ ጠባብ ከሆነ፣ ተከላካዮች ዞር ለማለት የሚዘገዩ ከሆነ፣ የሚጫወተውም ሕፃን ከሆነ፣ ከሁሉ በላይ የሚመዝነው ፍጥነት ነው። የረቀቀ ቅብብል ያለው አማካይ 88 ቢባልም፣ 80 የተባለው ሯጭ ጥሎት ይሄዳል። በሮብ ገበያዋ ክፍል ጠቅላላ ነጥብን የሚያነብ ልጅ አላየሁም። የሚያነቡት ፍጥነትን ብቻ ነው፤ ለእነርሱ ተጫዋች ማለት «ሯጭ» ወይም «ድንጋይ» ነው።

ከአሜሪካ የመጣ ማስረጃ

ይህ ጉዳይ በይበልጥ ጎልቶ የታየው በእኛ እግር ኳስ ሳይሆን በአሜሪካው ነው። በአሜሪካ እግር ኳስ ኳሱ በእጅ ይያዛል፣ ይወረወራል፣ ታቅፎም ይሮጣል፤ የማጥቃቱ ጨዋታ ሁሉ የሚጀምረው ኳርተርባክ በሚባለው ተጫዋች ነው። እርሱ ኳሱን ከተቀበለ በኋላ ወደ ፊት ለሮጠ ጓደኛው ይወረውራል፣ ለሌላ ያስረክባል፣ አለዚያም ራሱ ይዞ ይሮጣል። የዚህ ስፖርት ታዋቂው የቪዲዮ ጨዋታ ማደን ይባላል፤ ስያሜው የቀድሞው አሠልጣኝና የቴሌቪዥን ተንታኝ የጆን ማደን ስም ነው። የመጀመሪያው እትም የወጣው እ.ኤ.አ. በ1988 ነው። ማደን ስሙን ከመስጠቱ በፊት በእያንዳንዱ ወገን 11 ተጫዋቾች ካልኖሩ እግር ኳስ አይደለም ብሎ እንደ ተከራከረ ይነገራል፤ በዚያ ዘመን የነበሩት ኮምፒውተሮች ይህን ለመሸከም ይቸገሩ ነበርና ሥራው ብዙ ጊዜ ወሰደ።

እ.ኤ.አ. በ2003 በወጣው ማደን 2004 ውስጥ የአትላንታው ኳርተርባክ ማይክል ቪክ የፍጥነት ነጥቡ 95 ነበር። በገሐዱም ዓለም ቪክ ፈጣን ነበር፤ ስለዚህ ነጥቡ ውሸት አልነበረም። ችግሩ ሌላ ነው። በዚያ ደንብ ኳርተርባኩን የሚይዘው ልጅ ለመወርወር ማሰብ አያስፈልገውም፤ ወደ ጎን ሮጦ ተከላካዮቹን መዞር ይበቃዋል፤ ደርሶ የሚይዘው የለም። በገሐዱ ሜዳ እንዲህ ደጋግሞ የሚሮጥ ኳርተርባክ ይመታል፣ ይሰበራል፣ ይደክማል። ጨዋታው ይህን ዋጋ በበቂ አላስከፈለም። በብዙ የአሜሪካ ቤቶች ጓደኛሞች ቪክን መያዝ ከልክለው ይጫወቱ እንደ ነበር በሰፊው ይታወቃል።

አዘጋጆቹ ከሁለት ዓመት በኋላ ያደረጉት ከሁሉ ይልቅ ትምህርት ይሰጣል። እ.ኤ.አ. በ2005 በወጣው ማደን 06 ኳርተርባኩ የሚያየው አቅጣጫ በሜዳው ላይ እንደ ባትሪ መብራት በተዘረጋ የብርሃን ሾጣጣ እንዲታይ ተደረገ። ብርሃኑ ውስጥ ላለ ጓደኛ የተወረወረ ኳስ በትክክል ይደርሳል፤ ከብርሃኑ ውጪ የተወረወረ ይስታል። የብርሃኑ ስፋት የሚወሰነው በተጫዋቹ የንቃትና የማነጣጠር ነጥብ ነው። በሩጫ የማይታወቀው ፔይተን ማኒንግ ሜዳውን ሊያዳርስ የተቃረበ ብርሃን አገኘ፤ የቪክ ብርሃን ጠባብ ሆነ። ይኸውም እስከዚያ ድረስ ብዙም ሥራ ያልነበረው የንቃት ነጥብ በአንድ አዲስ ደንብ ከፍጥነት ጋር የሚፎካከር ክብደት አገኘ ማለት ነው። ብርሃኑ ጨዋታውን አከበደው ብለው ብዙዎች ስላልወደዱት በኋላ ቀርቷል። ሐሳቡ ግን፣ በእኔ ግምት፣ በስፖርት ቪዲዮ ጨዋታ ታሪክ ከታዩት ብልሃቶች አንዱ ነው፤ የፈጣኑን ሰው ፍጥነት ሳይቀማ ጥበበኛውን ከፍ አድርጓል።

በእግር ኳሱ ወገን ተመሳሳይ ነገር በፊፋ 23 ታይቷል። በዚያ እትም ሯጮች በቁመታቸው፣ በቅልጥፍናቸውና በጉልበታቸው ተመዝነው በሦስት ዓይነት አሯሯጥ ተከፈሉ። አንዳንድ ረጃጅምና ከባድ ተጫዋቾች የፍጥነት ነጥባቸው ዝቅ ያለ ሆኖ ሳለ በረጅም ርቀት ሩጫ ፈጣን የተባሉትን ይደርሱባቸው ጀመር። ተጫዋቾች ወዲያው ይህን ዓይነት ሰው ፍለጋ ተሯሯጡ፤ ኩባንያውም በኢንተርኔት በላከው ማስተካከያ ነገሩን አለዘበው።

ያልታደሰ ማሽን

ማስተካከያው በኢንተርኔት ይላካል ስንል ማሽኑ ከኢንተርኔት ጋር ይገናኛል ማለታችን ነው። የሮብ ገበያዋ ክፍል ማሽኖች ፕሌይስቴሽን 3 ናቸው፤ ጨዋታዎቹ በሌላ ከተማ ተጭነውባቸው የመጡ ሲሆን ከዚያ ወዲህ አንድም ጊዜ አልታደሱም። ለፕሌይስቴሽን 3 የተሠራው የመጨረሻው ፊፋ ፊፋ 19፣ የመጨረሻው ፒኢኤስ ደግሞ ፒኢኤስ 2018 ነው። በዚህች ክፍል ሜሲ ከባርሴሎና አልወጣም፤ ሮናልዶም ገና ዩቬንቱስ ነው። ከልጆቹ ብዙዎቹ ሜሲ ወደ ፓሪስ፣ ከዚያም ወደ ማያሚ መሄዱን በሬዲዮና በስልክ ሰምተዋል፤ ግን አያስጨንቃቸውም። በሌሎች ነገሮችም ቢሆን ሁለት የዘመን መቁጠሪያ ይዞ መኖር ለእኛ አገር ሰው አዲስ አይደለም።

የፕሌይስቴሽን 3 ፊፋ 19 አንድ ሌላ ጠባይ አለው። በአዳዲሶቹ ማሽኖች ላይ በዚያ ዓመት የምት አሠራር ሲለወጥ፣ በአሮጌው ማሽን ላይ የታደሱት የተጫዋቾች ስም፣ ነጥብና ማሊያ ብቻ ነበሩ፤ የአጨዋወቱ ደንብ ከቀደሙት ዓመታት የተወረሰ ነው። ስለዚህ በዚህ እትም የ2018 ሯጭ በድሮ ደንብ ላይ ይሮጣል። ከቪክ ታሪክ ጋር ሲነጻጸር የተገላቢጦሹ ነው፤ እዚያ ደንቡ ለቁጥሩ ሲል ተለወጠ፣ እዚህ ቁጥሩ ተለውጦ ደንቡ ባለበት ቀረ። ኪሊያን ምባፔን የያዘው የፈረንሳይ ቡድን በዚያ አሮጌ ደንብ ላይ የማይቻል የሆነውም በዚህ ምክንያት ይመስለኛል።

ከሐምሌ 2015 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮ በአማራ ክልል የተንቀሳቃሽ ስልክ ኢንተርኔት ለብዙ ወራት ተቋርጦ ነበር። ፊፋ የሚለው ስም ከጨዋታው ተነሥቶ ኢኤ ስፖርትስ ኤፍሲ የሚለው የተተካው በእነዚያው ወራት፣ በመስከረም 2016 ዓ.ም. ነው። በአካባቢው ዘመናዊ ማሽን ያለው ሰው እንኳ ቢሆን ስሙ ሲለወጥ ነጥቡን ማደስ አይችልም ነበር። በሮብ ገበያ ያነጋገርኋቸው ልጆች ዛሬም ጨዋታውን ሁሉ «ፊፋ» ይሉታል፤ ፒኢኤስንም ጭምር።

የቤቱ ደንብ

የአንድ ጨዋታ ዋጋ ከአንድ እንቁላል ዋጋ ብዙ አይርቅም። ለከተማው ልጅ ይህ ምንም ላይሆን ይችላል። ከገጠር ለመጣው ግን በኪሱ ያለው ብር አብዛኛውን ጊዜ የእርሱ አይደለም፤ ለጨው፣ ለክብሪት ወይም ለደብተር የተሰጠው ነው። የቤቱ ባለቤት እንደ ነገረኝ «ፈረንሳይ አይያዝም» የተጻፈው ከእንዲህ ያለ ቀን በኋላ ነው። ከከተማው ልጆች አንዱ ከረፋድ እስከ ቀትር ፈረንሳይን ይዞ ከወንበሩ ሳይነሣ ዋለ። ገጠሬዎቹ ልጆች እየተፈራረቁ ተቀመጡ፣ ተሸነፉ፣ ከፈሉ። ከእነርሱ አንዱ የእናቱን የጨው ብር በሁለት ጨዋታ ጨርሶ ወጣ፤ በሚቀጥለው ረቡዕ አልመጣም፤ በሚቀጥለውም። ባለቤቱ ነገሩን የነገረኝ ስለ ልጁ አዝኖ ብቻ አይደለም። «ጨዋታው አንድ ወገን ሲሆን ወንበሩ ባዶ ይቀራል» አለኝ።

ከዚያ ቀን ወዲህ የተጨመሩት ደንቦች በካርቶኑ ላይ የሉም፤ በአፍ ይተላለፋሉ። ታላቅ ከታናሽ ሲጋጠም ቡድን መጀመሪያ የሚመርጠው ታናሹ ነው። ሁለቱም ከፈለጉ አንድ ዓይነት ቡድን ይይዛሉ፤ ያኔ ማሊያው ብቻ ይለያያል። ሦስት ጊዜ በተከታታይ ያሸነፈ፣ ባይሸነፍም ይነሣል። በረኛውን ከበሩ አውጥቶ ኳስ መግፋት ክልክል ነው። ስለ መጨረሻው ምክንያት ስጠይቅ አንድ አሥራ ሁለት ዓመት የማይሞላው ልጅ «ጋሼ፣ እርሱ እኮ ጨዋታ አይደለም፣ ማላገጥ ነው» አለኝ።

እነዚህን ደንቦች ከላይ ካየናቸው የኩባንያ ማስተካከያዎች ጋር ስናስተያያቸው ልዩነቱ ከሚታሰበው ያነሰ ነው። አንድ ዓይነት ቡድን መያዝ የነጥብን ክብደት ወደ ዜሮ ያወርዳል፤ የሚቀረው የእጅ ችሎታ ብቻ ነው። ለታናሹ ምርጫ መስጠት ነጥብን የችሎታ ማካካሻ ያደርገዋል፤ ይህም በጆተኒና በፑል ቤቶች ለደካማው ጎል ወይም ኳስ አስቀድሞ እንደሚታሰብለት ነው። የሦስት ጨዋታው ደንብ ግን ነጥብንም ችሎታንም አይነካም። የሚነካው ገንዘቡን ነው፤ አንድ ሰው ሊያስከፍል የሚችለውን ይገድባል። እንዲህ ያለ ደንብ በየትኛውም የታተመ ጨዋታ ውስጥ አላየሁም፤ ጨዋታ አምራቹ የጨው ብር ጉዳይ አይደርስበትምና።

የሚታወስ የአገር ቤት አብነትም አለ። በጥንቱ የአገራችን ሰንጠረዥ ጨዋታው «ወረራ» በሚባል ክፍል ይጀምር ነበር፤ የመጀመሪያው ጠጠር እስኪበላ ድረስ ሁለቱም ወገን ተራ ሳይጠብቅ እንደ ፈጣንነቱ ያንቀሳቅሳል። በዚያ ክፍል ከጠጠሮቹ ኃይል ይልቅ የእጅና የዓይን ፍጥነት ይመዝናል። በመጨረሻም ንጉሡን በኃይለኛ ጠጠሮች መያዝ እምብዛም አያስመሰግንም፤ ክብሩ በደካሞቹ ለሚይዝ ነው። ጠጠሮቹ ያው ናቸው፤ ኃይላቸውም አልተለወጠም፤ ኃይለኛውን መጠቀም ግን ዋጋው እንዲቀንስ ተደርጓል። «ፈረንሳይ አይያዝም» የዚህ የሩቅ ዘመድ ነው ብል ብዙ የተጋነነ አይመስለኝም።

ነጥብ የሌላቸው

እስካሁን የተናገርነው ነጥብ ስላላቸው ተጫዋቾች ነው። በእነዚህ ማሽኖች ውስጥ የኢትዮጵያ ብሔራዊ ቡድን የለም፤ ፕሪሚየር ሊጋችንም የለም። ኢትዮጵያ ከ31 ዓመት በኋላ እ.ኤ.አ. በ2013 ወደ አፍሪካ ዋንጫ ስትመለስ በሻምፒዮኗ ዛምቢያ ላይ ጎል ያስቆጠረው አዳነ ግርማ፣ በ2013 ዓ.ም. የውድድር ዘመን በሊጉ 29 ጎል ያገባው አቡበከር ናስር፣ በዚያው ዘመን ለመጀመሪያ ጊዜ የሊጉን ዋንጫ ያነሣው ፋሲል ከነማ፣ ሁሉም እዚህ ቁጥር የላቸውም። ልጆቹ ስለ እነርሱ በቃል ያወራሉ፤ በጆይስቲክ ግን አይነኳቸውም።

አንድ ረቡዕ ግን ጩኸት ተነሣ። አንድ ልጅ በፊፋ 19 ውስጥ የጀርመኑን ቬርደር ብሬመን ሲያገላብጥ በላቲን ፊደል «ገብረ ሥላሴ» የሚል ስም አገኘ። ይህ በአባቱ ኢትዮጵያዊ የሆነው፣ ለቼክ ብሔራዊ ቡድን የተሰለፈው የቀኝ ተከላካይ ቴዎዶር ገብረ ሥላሴ ነው። ልጁ ከዚያ ቀን ጀምሮ ስለ ስሙ ብቻ ብሬመንን ይይዛል፤ ተከላካዩንም ከቦታው አንሥቶ በአጥቂነት ያሰልፈዋል። ደጋግሞ ይሸነፋል። ባለቤቱ ስለ እርሱ ልዩ ደንብ አውጥቷል፤ ብሬመንን ይዞ የተሸነፈ ግማሽ ይከፍላል።

ከዚህ ያለፈው በፒኢኤስ 2018 ተጫዋች መፍጠሪያ ክፍል የሆነው ነው። በዚያ ክፍል ማንኛውም ሰው አዲስ ተጫዋች ሊፈጥር፣ ስም፣ ቁመትና ነጥብ ሊሰጠው ይችላል። ሁለት የዘጠነኛ ክፍል ተማሪዎች አንድ የማይታወቅ የአውሮፓ ቡድን መርጠው ተጫዋቾቹን አንድ በአንድ በትምህርት ቤታቸው ቡድን ልጆች ስም ይተኩ ጀመር። ከዚያ ክርክሩ መጣ። ለበረኛው ስንት? ለግራ ክንፉ ስንት? በየወንበሩ የተቀመጠው ሁሉ ዳኛ ሆነ። ስለ ምባፔ ፍጥነት አንድም ቀን ጥያቄ ያላነሡ ልጆች ስለ ጎረቤታቸው ፍጥነት ግማሽ ሰዓት ተሟገቱ፤ አንዱ በትምህርት ቤት ሩጫ እንደ ቀደመው ሌላው አስታወሰ፣ ያኛው ያን ቀን እግሩን ታምሞ ነበር ተባለ፣ ምስክርም ተጠራ። የምዘና ነጥብ ከየት እንደሚመጣ ለማየት ከዚህ የተሻለ አጋጣሚ አላገኘሁም፤ በመጨረሻ የጻፉት 74 ከሦስት ሰዎች ትዝታና ከአንድ ሰው ኩርፊያ የተሠራ ነበር።

ከሁለቱ ተማሪዎች አንዱ ለራሱ 99 ፍጥነት ሰጥቶ ተገኘ። ባለቤቱ ማሽኑን አጠፋው፤ ሲከፍተውም ቁጥሩ 80 ሆኖ እንዲስተካከል አዘዘ። ልጁ 80ውን ተቀብሎ በቡድኑ ሊጫወት ሲቀመጥ ታናናሾቹ ከለከሉት። ራሱን የፈጠረ በራሱ ቡድን አይጫወትም አሉ፤ ባለቤቱም ካርቶኑን አውርዶ ከፈረንሳይ ሥር ይህንኑ ጻፈበት።